ማዳም ማክሰኞ ጾመች፣ የታችኛው ፎቅ ረቡዕ

የኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ ጥያቄውን የለጠፈችው ዱባይ የምትሠራ እህት ናት። ካራማ አካባቢ አንድ የጉጃራት ቤተሰብ ዘንድ ምግብ ታበስላለች። ጓደኛዋም እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ ሌላ የህንድ ቤት ትሠራለች። ሁለቱም ቤቶች ሂንዱ ናቸው። ሁለቱም ኤካዳሺ የሚባለውን ጾም አይዘሉም። ባለፈው ግን የሷ ማዳም ማክሰኞ ጾመች፤ የታችኞቹ ደግሞ ረቡዕ። ልጆቹ ሊፍት ውስጥ ተገናኙና የማን ቤት እንደተሳሳተ ተከራከሩ።

ማወቅ የፈለገችው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አንድ ሃይማኖት እንዴት ሁለት ቀን ይጾማል የሚል ነው። ሁለተኛው የጓዳ ጉዳይ ነው፤ ለሷ ዋናውም እሱ ነው። ማዳም የነገውን ጾም የምትነግራት ማታ ነው። ለጾሙ የሚሆነው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ አይገኝም። በዚያ ሰዓት ወደ ሱቅ መሮጥ ሰልችቷታል። ቀኑን በራሷ ቀድማ የምታውቅበት ዘዴ ካለ እንድንነግራት ለምናለች።

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዋ ሥር በቁጥር የተደረደሩት መልሶች፣ እንዲህ ይረዝማል ብዬ አልጠበቅኩም። ጨረቃ፣ ቡላ፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ስድብ፣ ሁሉም ገባበት። ለሁለተኛው ጥያቄ ሁነኛ መልስ የተገኘው ደግሞ መጨረሻው አካባቢ ነው። እንደ ቅደም ተከተሉ ልተርከው።

ቁጥር 1 ቀልደኛ ነው። የህንዶች አማልክት ብዙ ስለሆኑ ጾማቸውም እንደዚያው ነው፣ ቀን መቁጠሩን ትተሽ ዝም ብለሽ አብስይ አላት። ቁጥር 2 ትንሽ ረጋ ብሎ፣ የሂንዱ አቆጣጠር እንደ እስልምናው በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል ሲል ጻፈ።

ይህን ያረመው ቁጥር 3 ነው፤ ሻርጃ የሚኖር ሙስሊም ወንድም። በትህትና ነው ያረመው። የሂጅራው ዓመት 12 ጨረቃ ብቻ ነው፤ 354 ወይም 355 ቀን። ወር አይጨመርበትም፤ ለዚህ ነው ረመዳን በጋውንም ክረምቱንም የሚዞረው። የህንድ የሥራ ባልደረቦቹ የሚያከብሩት የብርሃን በዓል፣ ዲዋሊ፣ ግን እሱ እስከሚያውቀው ድረስ ከኦክቶበርና ከኖቬምበር ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ህንዶቹ የሆነ ቦታ ላይ ያስተካክላሉ ማለት ነው። እንዴት እንደሚያስተካክሉ የሚያውቅ ይንገረን ብሎ ለሌላ ተወው።

ቁጥር 4 ህንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ የተማረ የፊዚክስ መምህር ነው። ከዚህ በኋላ መምህሩ እያልኩ እጠራዋለሁ፣ ደጋግሞ ስለሚመጣ። ክሩን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

መምህሩ እንዳስረዳው፣ ጨረቃ የምትወለደው ከፀሐይ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስትገጥም ነው። ከዚያ እየራቀች ትሄዳለች። 12 ዲግሪ ስትርቅ አንድ የጨረቃ ቀን አለቀ ይባላል፤ እነሱ ቲቲ ይሉታል። ሌላ 12 ዲግሪ ስትጨምር ሁለተኛው ያልቃል። ሙሉው ዙር 360 ዲግሪ ነውና ወሩ 30 ቲቲ ይሆናል። 15ቱ ጨረቃ ስትሞላ፣ 15ቱ ስትጎድል ነው። ኤካዳሺ ማለት በሁለቱም ወገን 11ኛው ቲቲ ነው። ስለዚህ በወር ሁለቴ፣ በመደበኛ ዓመት 24 ጊዜ ይመጣል።

ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጨረቃ መሬትን የምትዞርበት መንገድ ድፍን ክብ አይደለም። ስትቀርብ ትፈጥናለች፣ ስትርቅ ትዘገያለች። በዚህ የተነሳ አንዱ ቲቲ 19 ሰዓት ገደማ ሆኖ ሌላው 26 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ከእኛ የ24 ሰዓት ቀን ጋር በጭራሽ አይገጥምም። 11ኛው ከሰዓት በኋላ ሊገባ ይችላል፣ እኩለ ሌሊት ላይም ሊገባ ይችላል። ታዲያ የትኛው ቀን ነው የሚጾመው? ደንቡ ፀሐይ ስትወጣ የነበረው ቲቲ የዚያ ቀን ስም ይሁን ይላል። አንዳንዴ አንድ ቲቲ ሁለት የፀሐይ መውጫ ያገኛል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አንድም ሳያገኝ በመሀል ያልፋል።

መምህሩ አንድ ነገር አከለ። ይህ የፀሐይ መውጫ ደንብ ለሁሉም ጾም አይሠራም። ለሺቫራትሪ የሚታየው እኩለ ሌሊት ላይ ያለው ቲቲ ነው። ለራማ ልደት እኩለ ቀን ነው። ፕራዶሽ ለሚባለው የሺቫ ጾም ደግሞ የምሽቱ መግቢያ። በየወሩ ለጋኔሻ የሚጾመው ሳንካሽቲ የሚታየው ጨረቃ በምትወጣበት ሰዓት ነው፤ ጾሙም የሚፈታው ጨረቃዋ ከታየች በኋላ ነው።

ቁጥር 5 ጠበቅ አድርጎ ያዘው። እሺ፣ ደንቡ ይህ ከሆነ አንድ ሕንፃ ላይ ፀሐይ የምትወጣው አንዴ ነው፤ ታዲያ የላይኛውና የታችኛው ፎቅ ለምን ተለያዩ? ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም አንብቤ እሱን ነበር የጠበቅኩት።

ቁጥር 6 ላይ መምህሩ ተመለሰ። የቪሽኑ አጥባቂ ተከታዮች፣ ቫይሽናቫ የሚባሉት፣ ከፀሐይ መውጫ 96 ደቂቃ በፊት የሚጀምረውን ጎህ ይመለከታሉ። በዚያ ሰዓት 10ኛው ቲቲ ገና ካላለቀ ቀኑ አልጠራም ብለው ጾሙን ወደ ማግስቱ ይገፉታል። ስማርታ የሚባሉት ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ 11ኛው ከገባ ይበቃናል ይላሉ። ለምሳሌ ዱባይ ላይ 11ኛው ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገባ እንበል። ፀሐይ የወጣችው 12 ሰዓት ከ15 ላይ ነው። ፀሐይ ስትወጣ 11ኛው ስላለ ስማርታው ማክሰኞ ይጾማል። ጎሁ የጀመረው ግን 10 ሰዓት ከ39 ላይ ነው። በዚያ ሰዓት 10ኛው ገና ነበር። ስለዚህ ቫይሽናቫው ረቡዕ ይጾማል። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ቁጥር 7 ጠያቂዋ ራሷ ናት። ጓደኛዋን ደውላ ጠየቀቻት። የታችኛው ቤት በር ላይ የክሪሽና ትልቅ ምስል አለ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቤቱ ውስጥ ጭራሽ አይገባም። መምህሩ አጥባቂ ያላቸው እነሱ መሆናቸው ነው። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ማዳም በማግስቱ ቁርስ የምትበላው ሰዓት እያየች ነው። አንዳንድ ቀን በጠዋት አቅርቢ ትላታለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ገና ነው ብላ ታስቆማታለች። ይህስ ምንድን ነው?

ይህም ደንብ አለው፤ ቁጥር 8 ላይ መምህሩ መለሰላት። ጾሙ የሚፈታው በማግስቱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ 12ኛው ቲቲ ሳያልቅ ነው። የ12ኛው የመጀመሪያ ሩብ እስኪያልፍ ግን አይበላም። አንዳንዴ ይህ ክፍተት ሰፊ ነው፣ አንዳንዴ እጅግ ጠባብ። ማዳም ሰዓት የምታየው ለዚህ ነው። ጠያቂዋ እስከዛሬ የማዳም ጸባይ ይመስላት እንደነበር ጽፋ ሳቀች።

ቁጥር 9 ከቨርጂኒያ ነው። ጎረቤቱ የህንድ ሰው እናቱ ህንድ ሆና በማግስቱ እሱ ግን ቀድሞ እንደሚጾም ነግሮት ገርሞት ነበር። አሁን ገባው። ቲቲው ለዓለም ሁሉ የሚገባው በአንድ ቅጽበት ነው፤ ፀሐይ ግን በየሀገሩ የምትወጣው በየራሷ ሰዓት ነው። ሂሳቡንም ሠራው። ዲሴምበር ላይ ህንድ ከቨርጂኒያ በ10 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። 11ኛው ህንድ ላይ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ቢገባ፣ እዚያ ያኔ ፀሐይ ወጥታለች፤ ጾሙ ረቡዕ ይሆናል። ቨርጂኒያ ላይ ግን ያ ቅጽበት ሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ማክሰኞ ፀሐይ ስትወጣ 11ኛው እዚያው ነው። ልጅ ማክሰኞ፣ እናት ረቡዕ።

ቁጥር 10 አጭር ናት። ህንድ ውስጥም ቢሆን አይስማሙም፤ በ2024 ዲዋሊ ኦክቶበር 31 ነው፣ የለም ኖቬምበር 1 ነው ተባብለው ግማሹ በዚያ ግማሹ በዚህ አክብሯል ብላ ሄደች።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ምግብ ዞረ። እውነት ለመናገር እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይህን ክፍል ነው።

ቁጥር 11 ባህሬን የምትሠራ እህት ናት። ሥራ የጀመረች ሰሞን የቤቱ አያት እንደሚጾሙ ሰማች። ጾም አይደል? እጇ ያወቀውን ሠራች። ሽሮ በዘይት፣ ቅቤ የሌለው፣ ከስስ እንጀራ ጋር። አያትየው ሳህኑን አይተው ፈገግ አሉ፣ በእጃቸው ገፋ አደረጉትና እርጎ እንድታመጣላቸው ጠየቁ። እሷ ደነገጠች። እርጎ! በጾም!

ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በኤካዳሺ የሚከለከለው እህልና ጥራጥሬ ነው። ሩዝ፣ ስንዴ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። ጤፍም እህል ነው፤ እንጀራ አይቀርብም ማለት ነው። ወተት፣ እርጎ፣ የተነጠረ ቅቤ ግን ይፈቀዳል። ፍራፍሬ፣ ድንችና ኦቾሎኒም እንዲሁ። እኛ በጾም የምንሸሸውን እነሱ ይበሉታል፤ እኛ የምንጠለልበትን እነሱ ይሸሹታል። ሥጋማ ድሮም በብዙዎቹ የጉጃራት ቤቶች የለም፤ ስለዚህ መተው ያለባቸው ሌላ ነገር ነው። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የኔ አስተያየት ነው፣ ክሩ ላይ ማንም አልጻፈውም።

ቁጥር 12 ሳቡዳና አምጪ አላት። ነጭ ድቡልቡል ፍሬ ነው፣ ከካሳቫ ስታርች የሚሠራ። አሠራሩን ከነምስጢሩ ጻፈችው። ታጥቦ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ፍሬውን ከሸፈነ ይበቃል። በሁለት ጣት ስትጫኚው ፍርክስ ካለ ደርሷል። ከዚያ በተነጠረ ቅቤ ላይ ከሙን፣ ቃሪያ፣ የተቀቀለ ድንችና ተቆልቶ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ይገባል። ሳቡዳናው የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ፍሬው ነጭነቱን ለቆ ብርሃን ማስተላለፍ ሲጀምር ወዲያው ማውጣት ነው። ከዘገየሽ ወይም ውሃ ካበዛሽ ሙጫ ሆኖ ድስቱ ላይ ይቀራል።

ቁጥር 13 ስታርች የሚለውን ሲያይ ታዲያ ይህ የኛው ቡላ ነው አለ። ቁጥር 14 አይደለም አለችው፤ ቡላ ከእንሰት ነው፣ ሳቡዳና ከካሳቫ። ካሳቫም ቢሆን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው፤ በጥንቱ የጾም ደንብ ላይ ስሙ ሊኖር አይችልም። ያስገባው እህል አለመሆኑ ነው። ቁጥር 13 እዚህ ላይ ያዛት። መስፈርቱ እህል አለመሆን ከሆነ ቡላስ እህል ነው? አይደለም። ስለዚህ ይፈቀዳል። መልስ ጠፋ። ቁጥር 15 ወላይታ ያደገ ነኝ ብሎ፣ እሱ አገር ካሳቫም እንሰትም በአንድ ጓሮ እንደሚበቅል፣ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ግን አይቶ እንደማያውቅ ጻፈ። ቁጥር 16 ደግሞ በቡላ ሞክራዋለች። ያው ገንፎ ነው የሆነው። ድንችና ኦቾሎኒ ያለበት ገንፎ። ቅቤ ጨምረው በሉት።

ቁጥር 17 የጨው ጉዳይ አነሳ። በጾም ቀን ተራ ጨው አይጠቀሙም፤ ከድንጋይ የሚወጣውን፣ ሴንዳ ናማክ የሚሉትን ነው የሚፈልጉት። ታዋቂው ፓኪስታን ውስጥ ከኬውራ ማዕድን የሚወጣው ሮዝ መልክ ያለው ነው። ታዲያ የኛ አሞሌስ? የአፋር ጨውም ተቆርጦ ነው የሚወጣው። ለዚህም የመለሰ የለም። እኔ ግን ጥያቄው ጥሩ ነው ባይ ነኝ።

ቁጥር 18 ላይ ወጉ ተበላሸ። የገባው ሰው ክርስቲያን የጣዖት ጾም ምን አገባው ብሎ ተነሳ። ጠያቂዋ ነፍሷን ከምትሸጥ ሌላ ሥራ ትፈልግ፣ እናንተም የምትመክሯት አብራችሁ ትጠየቃላችሁ አለ። ቁጥር 19 ጅዳ የምትሠራ ሴት ናት፤ መልሷን አላዘገየችም። ለልጅቷ ደመወዟን አንተ ልትከፍላት ነው ወይ? ለእናቷ የምትልከውንስ? ካልሆነ ጣትህን ሰብስብ አለችው። ቁጥር 20 ጠያቂዋ ናት፤ አልተናደደችም። ማዳም በዐቢይ ጾም ጊዜ ለሷ ብቻ ምስርና ዘይት ለይታ እንደምታስመጣላት፣ የሷን ዓርብና ረቡዕም ከሷ በላይ እንደምታስታውስ ጻፈች። ሰውየው መልሶ የጻፈውን አስተዳዳሪው አጠፋው። ቁጥር 21 የተባለው ባዶ ሆኖ ይታያል።

ከዚያ ሳይንስ ነን ባዮቹ መጡ። ቁጥር 22 ኤካዳሺ ጥበብ ነው አለ። ጨረቃ የባሕርን ውሃ ከሳበች፣ 70 በመቶ ውሃ የሆነውን ሰውነታችንንም ትስባለች፤ ጥንታውያኑ ያንን አውቀው ነው 11ኛውን ቀን የመረጡት። መምህሩ በቁጥር 23 ልክ ልኩን ነገረው። የባሕር ውሃ የሚሞላውና የሚጎድለው ባሕሩ ከመሬት ግማሽ እስከ ግማሽ ስለተዘረጋ ነው። ጣና እንኳ በጨረቃ ሲሞላ ያየ ሰው የለም፤ የአንድ ሰው ሆድ ከጣና ይበልጣል? ደግሞ ባሕሩ ጎልቶ የሚሞላው ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን አካባቢ ነው፤ በ11ኛው አይደለም። ቁጥር 22 በዚህ አላበቃም። በ2016 አንድ ጃፓናዊ ጾም ጤና መሆኑን አረጋግጦ ኖቤል ወስዷል አለ። መምህሩ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። ዮሺኖሪ ኦሱሚ የተሸለሙት ሴል የራሱን ክፍሎች እንዴት እንደሚፈጭ ስላሳዩ ነው፤ የሠሩትም በእርሾ ላይ ነው፤ ኤካዳሺ የጾመ እርሾ ካለ አሳየኝ አለው። ትንሽ በዛ። ግን ሳቅኩ።

ቁጥር 26 ሙስካት የምትሠራ ነርስ ናት። ክሩን ወደ ቁም ነገር የመለሰችው እሷ ናት። ከኤካዳሺዎቹ ሁሉ የሚከብደው ኒርጃላ የሚባለው ነው። ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን ላይ ይውላል፤ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ታሪኩ የቢማ ነው፤ የማሃባራታ ተረት ጀግና። ከአምስቱ ወንድማማቾች በላተኛው እሱ ነበር። ሁሉንም ኤካዳሺ መጾም አቃተው፤ ይህቺን አንዷን ያለ ውሃ ብትጾም የሁሉንም ታገኛለህ ተባለ። ለጎረምሳ ይሁን። ስኳር ላለባቸው አዛውንት በዚያ ሙቀት ግን አደጋ ነው። ለታመመ፣ ላረጀ፣ ለነፍሰ ጡርና ለልጅ ደንቡ ራሱ ይላላል፤ ውሃ፣ ወተትና ፍራፍሬ ይወስዳሉ። ችግሩ አሮጊቶቹ መላላቱን አይቀበሉም። አንቺ የምታበስይላቸው አያት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለልጆቻቸው አስቀድመሽ ንገሪ ስትል መከረች። ቁጥር 27 በጋንዲ እናት በፑትሊባይ ጨረሰላት። በአራቱ የዝናብ ወራት ፀሐይን ሳላይ አልበላም ብለው ይሳሉ ነበር። ልጆቹ ደጅ ቆመው ደመናውን ያያሉ። ፀሐይ ብቅ ስትል እየሮጡ ይነግሯቸዋል። እናት እስኪወጡ ድረስ ደመናው ይመለሳል። እሳቸውም ሳይከፋቸው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ቁጥር 28 ፑንጃብ የተማረ ልጅ ነው። ህንዶች ሁሉ የሚጾሙት ካርዋ ቻውትን ነው ብሎ ጀመረ። አከራዩ ሴትዮ ጎህ ሳይቀድ አማታቸው ያዘጋጁላቸውን በልተው፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ውሃ ውለው፣ ማታ ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። ጨረቃን በወንፊት ያያሉ፣ ከዚያ በዚያው ወንፊት ባላቸውን። ውሃውን የሚያጠጣቸው ባልየው ነው። አንድ ዓመት ደመና ሆኖ ሰፈሩ በሙሉ ጣሪያ ላይ አንጋጦ አመሸ። በመጨረሻ ከሩቅ ሰፈር ያለች እህት በስልክ ወጣች ብላ ነገረቻቸው። ያ ይቆጠራል አይቆጠርም በሚለው ባልና ሚስቱ ተጨቃጨቁ። ሴትዮዋ ራሳቸው ካላዩ አይበሉም ነበር፤ አልቸኮሉም፣ ቆዩ፣ አዩ፣ በሉ።

ቁጥር 29 ደቡብ ህንድ፣ ቪሻካፓትናም የተማረች ናት። ሁሉ የሚለውን ቃል አልወደደችውም። ደቡቦቹ ዘንድ ካርዋ ቻውት የሚባል እንግዳ ነገር ነው። አንድራ ውስጥ ከዚያ በአንድ ቀን ቀድሞ የሚውል አትላ ታድዴ የሚባል አለ፤ እነሱም ጨረቃ አይተው ነው የሚፈቱት፣ በስስ የሩዝ ቂጣ። ፑንጃብ ህንድ አይደለም፣ ከህንድ አንዱ ነው አለች። ልጁ ቢያንስ ወሩን አታውቂም፣ ካርዋ ቻውት የካርቲክ ወር ነው አላት። እዚህ ላይ ሌላ ፑኔ የተማረ ገብቶ የለም፣ የአሽዊን ነው አለ። ሁለቱ ተያያዙ። ከአራት መልስ በኋላ ነው መምህሩ የገላገላቸው። በሰሜን ወሩ የሚያልቀው ሙሉ ጨረቃ ላይ ነው፤ በማሃራሽትራ፣ በጉጃራትና በደቡብ ደግሞ ጨረቃ ስትጠፋ። ስለዚህ በጎዶሎው 15 ቀን ውስጥ የወሩ ስም ይለያያል። ሌሊቱ አንድ ነው። ያለ ስድብ ሊያልቅ ይችል የነበረ ነገር ነው።

ቁጥር 35 ዲያቆን ነው። ይህ ሁሉ ከባሕረ ሐሳብ ጋር ዘመድ ነው አለ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳል፤ አበቅቴ የሚባለው የዚያ ትራፊ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባለው ሌላው ቁጥር ሲደመሩ 30 ናቸው። በዚያ ነነዌና ፋሲካ ይወጣል፤ ፋሲካም ከመጋቢት 26 አይቀድም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ህንዶቹ 11ዱን ቀን የት ያደርሱታል? ሻርጃ ያለው ወንድም ቀደም ብሎ የተወውን ጥያቄ ነው መልሶ ያነሳው።

ወር ይጨምራሉ፤ መምህሩ እንደጻፈው። ግን በሠንጠረዥ አይደለም። ፀሐይ በየወሩ ከአንዱ ኮከብ ክፍል ወደ ሌላው ትሻገራለች። ጨረቃ ከተወለደች እስከምትወለድ ፀሐይ ሳትሻገር የቀረች እንደሆነ፣ ያ ወር የራሱ ስም የለውም። የሚቀጥለውን ወር ስም ተውሶ ተጨማሪ ይባላል። በአማካይ በየ32 ወር ተኩሉ ይመጣል። በ2023 ከጁላይ 18 እስከ ኦገስት 16 ተጨማሪ ሽራቫን ነበር። በ2026 ደግሞ ከሜይ 17 እስከ ጁን 15 ተጨማሪ ጄሽታ ነው። በዚያ ዓመት ኤካዳሺው 26 ይሆናል፤ ሳቡዳናሽን በዚያ ልክ ግዢ አላት።

ቁጥር 37 እስራኤል፣ ኔታንያ የምትኖር ናት። የአይሁድ አቆጣጠርም ወር ይጨምራል፣ በ19 ዓመት 7 ጊዜ፣ ያ ግን በተቆረጠ ሠንጠረዥ ነው። እናቷ የሚጾሙት የቤተ እስራኤል በዓል፣ ሲግድ፣ በመደበኛው ሔሽቫን 29፣ ከዮም ኪፑር 50ኛው ቀን ነው፤ በፈረንጁ ግን ይንቀሳቀሳል። እስራኤል በ2008 በሕግ ካወቀችው ወዲህ እንኳ ሥራ ቦታዋ ቀኑን በየዓመቱ ይጠይቋታል።

ቁጥር 38 ህንዶቹ ይህን ከኛ ነው የወሰዱት አለ። ቁጥር 39 ማስረጃ ጠየቀው። ቁጥር 40 ማስረጃ መጠየቅ አገር መካድ ነው አለ። ዲያቆኑ ራሱ ገብቶ እኔ ዘመድ ነው አልኩ እንጂ ልጃችን ነው አላልኩም ብሎ አስቆማቸው። ባሕረ ሐሳብ በቋሚ ቀመር ይሠራል፣ የነሱ ጨረቃዋ በእርግጥ ያለችበትን ቦታ ይከተላል፤ ሥራው የተለያየ ነው አለ።

ቁጥር 42 በዕድሜ ገፋ ያሉ ጋሼ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ህንዳዊ የሂሳብ መምህር ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ አገር ያገኙትን ሁሉ ያነባሉ። ህንድ ነፃ ስትወጣ 30 ያህል ዓይነት የቀን አቆጣጠር ነበራት። በ1952 የፊዚክስ ሊቁ ሜግናድ ሳሃ የሚመሩት ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1957 ማርች 22 አንድ ብሔራዊ አቆጣጠር ታወጀ። መንግሥት በጋዜጣው ላይ ያትመዋል። ሰው ግን የሚጾመው አያቱ በጾሙበት ነው። ጋሼ አስተያየት አልጨመሩም። ሰላምታ አቅርበው ወጡ።

እነሆ ቁጥር 43። እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር ውስጥ የጉጃራት አዛውንቶችን የምትንከባከብ እህት ናት። ለጠያቂዋ ሁለተኛ ጥያቄ የመለሰላት እሷ ብቻ ናት። የጉጃራት ቤት ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሁሌ የወረቀት ቀን መቁጠሪያ አለ። እያንዳንዱ ቀን ሥር ትናንሽ ቁጥሮች አሉ። ፊደሉን ማወቅ አያስፈልግሽም። የነሱ 1 ቁጥር የፈረንጁን 9 ትመስላለች። ስለዚህ በትንንሾቹ ቁጥሮች መሀል ሁለት 9 ጎን ለጎን ያየሽበት ቀን 11 ነው፤ ኤካዳሺ ነው። በወር ሁለቴ ታገኚዋለሽ። እሷ ወሩ ሲገባ በቀይ እስክሪብቶ ታከብበታለች። ሳቡዳና፣ ኦቾሎኒና እርጎ ከሁለት ቀን በፊት ይገዛል።

መምህሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አከለ። ያ ወረቀት የሚታተመው በህንድ ፀሐይ ነው። ዱባይ በ1 ሰዓት ተኩል ትዘገያለች። አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል፤ 11ኛው ንጋት አካባቢ የገባ ዕለት ግን በአንድ ቀን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ክበቢና ማዳምን ጠይቂ አላት።

ጠያቂዋ በማግስቱ መጣች። ሁለቱን 9ኞች አግኝታለች። ማዳም ሲያዩዋት ተደንቀው ስልካቸው ላይ በዱባይ ሰዓት የተሞላውን አሳዩዋት፤ በዚህ ወር ይገጥማል። በነካ እጇም የቡላውን ነገር ጠይቃለች። ማዳም ከምን እንደሚሠራ ደጋግመው ጠየቁ፣ ሥዕሉን አዩ፣ ህንድ ወዳሉት እህታቸው ደወሉ። ብይኑ፣ እህል ካልሆነ ይሞከር የሚል ነው። አሁን የምትፈልገው ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ የሚመጣ ሰው ነው። ሁለት ኪሎ ቡላ።

ቁጥር 47 በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጣ ጽፎ፣ ለአሞሌም ቦታ እንዳለው ጠቆመ። የሻንጣው ኪሎ ግን በነፃ አይደለም።